ጄምስ ብሩስና የዓሣ አጥማጁ ደወል

የጄምስ ብሩስ ስም በተነሣ ቁጥር ብዙ ሰው የሚያስታውሰው የግሽ ዓባይን ምንጭ ነው። ከስኮትላንድ ተነሥቶ ባሕርና በረሃ አቋርጦ ጎንደር የገባው፣ ከዚያም ጎጃም ዘልቆ ከምንጩ ውሃ የቀመሰው ይህ መንገደኛ በታሪክ መጻሕፍት ዘንድ የሚወደስበትም የሚነቀፍበትም ነገር አያጣም። መሐንዲስ ለሆነ አንባቢ ግን በሕይወቱ ውስጥ ከጀብዱው ይልቅ የሚስብ ሌላ ነገር አለ። ብሩስ የመለኪያ መሣሪያ ፍቅር የያዘው ሰው ነበር። ስምንት ሰው እየተፈራረቀ የሚሸከመውን ኳድራንት ተራራ ያስወጣ፣ በኋላም ለዚያው ዕቃ ሲል ከሞት ወዳመለጠበት በረሃ የተመለሰ ሰው ነው። ከዚህም ጋር የናይል ዓሣ አጥማጅ ተኝቶ ሳለ ዓሣ መያዙን የሚያውቅበትን ብልሃት ጽፎ አቆይቷል። ዛሬ ለመዝናናት ዓሣ በሚያጠምዱ ሰዎች መካከል አንድ ብርቱ ክርክር አለ፤ ይኸውም ከውሃ በታች ያለውን ዓሣ በመስታወት ላይ የሚያሳየው የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ መዝናኛውን ረዳው ወይስ አበላሸው የሚል ነው። የብሩስ ሕይወት ከዚህ ክርክር የራቀ ቢመስልም ወደ ውስጡ ሲገቡ ቅርብ ሆኖ ይገኛል።

ብሩስ የተወለደው ዲሴምበር 14 ቀን 1730 እ.ኤ.አ. በስኮትላንድ፣ ኪኔርድ በተባለው የቤተሰቡ ርስት ላይ ነው። እናቱን በሕፃንነቱ አጣ። ለትምህርት ወደ እንግሊዝ ተልኮ በሃሮ ትምህርት ቤት ተማረ፤ በኤዲንብራ የሕግ ትምህርት ጀምሮ ሳይገፋበት ተወው። ቁመቱ እጅግ ረዥም፣ ጠጉሩ ቀይ፣ ጠባዩም ቁጡና ኩሩ እንደነበረ የሚያውቁት ሁሉ ይመሰክራሉ። በ1754 የወይን ጠጅ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ የሆነችውን አድሪያና አለንን አግብቶ ወደ ንግዱ ገባ። ሙሽራይቱ ግን ዓመት ሳይሞላት በፓሪስ በሳንባ ነቀርሳ ሞተች። ብሩስ ከዚህ ሐዘን በኋላ ንግዱን ችላ ብሎ ወደ ቋንቋ ጥናት አዘነበለ። ዓረብኛ ተማረ፤ በጀርመናዊው ሊቅ በሉዶልፍ መጻሕፍት አማካይነትም ከግዕዝ ጋር ተዋወቀ።

በ1758 አባቱ ሲሞት ርስቱ ለእሱ ተላለፈ። በኪኔርድ መሬት ሥር የድንጋይ ከሰል ነበር። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ በአጠገቡ የካሮን የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ተቋቋመ፤ ማቅለጫውም ብረቱን የሚያነጥረው ከከሰል በሚገኝ ኮክ ስለ ነበረ የብሩስ ከሰል ገበያ አገኘ። ኋላ ለጉዞው ያወጣው ገንዘብ ትልቅ ክፍል የመጣው ከዚህ ነው። የኢንዱስትሪ አብዮት ከሰል የግሽ ዓባይን ኬክሮስ አስለካ ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም።

በ1763 በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ሥራ ጀመረ። ሁለት ዓመት ያህል ከአገሩ ገዥና ከራሱ መንግሥት ሹማምንት ጋር ሲጋጭ ከቆየ በኋላ ሥራውን ለቀቀ። ከዚያም ሉዊጂ ባሉጋኒ የተባለውን የቦሎኛ ተወላጅ ወጣት ሠዓሊ ይዞ በሰሜን አፍሪካ የሚገኙትን የሮማውያን ፍርስራሾች እየለካና እያስሣለ ተጓዘ። በሊቢያ ጠረፍ መርከቡ ተሰብሮ በዋና ወደ ዳር ሲወጣ የጠረፉ ሰዎች ደብድበው ገፈፉት፤ ብዙዎቹ መሣሪያዎቹም ባሕር ገቡ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ ወደ አገሩ በተመለሰ ነበር። ብሩስ ግን ለወዳጆቹ ደብዳቤ ጽፎ መሣሪያ ለመነ። ከሉዊ 15ኛ መንግሥትም በማርሴይ የጦር ትምህርት ቤት ይገኝ የነበረው ተንቀሳቃሽ ኳድራንት ተላከለት። ኳድራንት የሩብ ክበብ ቅርጽ ያለው፣ በዲግሪ የተከፋፈለ የብረት መሣሪያ ሲሆን የፀሐይን ወይም የኮከብን ከፍታ ከአድማስ በላይ ይለካል። ከከፍታውም የቦታው ኬክሮስ ይሰላል። ቴሌስኮፕና ትክክለኛ ሰዓትም ጨምሮ በ1768 ግብፅ ገባ።

ብሩስ በጉዞ መጽሐፉ አምስተኛ ቅጽ ስለ እንስሳትና ዕፀዋት ሲጽፍ፣ ቢኒ ስለ ተባለ የናይል ዓሣ እና ስለ አጠማመዱ የሰጠው መግለጫ ከነገሥታቱና ከጦርነቱ ታሪክ ባላነሰ ሊነበብ የሚገባው ነው። አጥማጁ ጭቃ፣ ዱቄት፣ ማርና ዘይት ከገለባ ጋር ደባልቆ በእግሩ እየረገጠ ያቦካል። ቴምር በጣት ጫፍ ልክ ቆራርጦ በቡኮው ውስጥ ይበትናል። ቡኮውን እንደ ትልቅ ድፎ ካድቦለቦለ በኋላ በመካከሉ ሰባት ወይም ስምንት መንጠቆ ይቀብራል፤ በየመንጠቆው ላይ ቴምር ተሰክቶበታል፤ ከየመንጠቆውም ጠንካራ ሲባጎ ይወጣል። ከዚያም በተነፋ የፍየል ቆዳ እየተንሳፈፈ ድፎውን ወደ ወንዙ መካከል ወስዶ ከጥልቁ ቦታ ይጥለዋል። ሲባጎዎቹን ሳይወጥር ላላ አድርጎ ይዞ ወደ ዳር ይመለሳል። በዳሩ ላይ የዘንባባ ዝንጣፊዎች ይተክልና በየዝንጣፊው አንድ ሲባጎ ያስራል፤ ትንሽ ደወልም ያንጠለጥልበታል። ይህን ከጨረሰ በኋላ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ከብቱን ያሰማራል፣ ቦዩን ይቆፍራል፣ ቢሻውም ጋደም ይላል።

የወንዙ ውሃ ድፎውን ቀስ በቀስ ሲሸረሽረው የቴምሩ ቁራጭ እየተለቀቀ ወደ ታች ይፈሳል። በታች ያሉት ዓሦች ፍርፋሪውን እየለቀሙ፣ ወደሚመጣበት አቅጣጫ እየወጡ ከድፎው ዘንድ ይደርሳሉ። አንዱ ዓሣ መንጠቆ ያለበትን ቴምር ውጦ ሲሸሽ ሲባጎው ይወጠራል፤ ዝንጣፊው ይርገበገባል፤ ደወሉም ያቃጭላል። አጥማጁ ሮጦ ይመጣና ዓሣውን ያወጣል። ወዲያው ግን አይገድለውም፤ ቀለበት አግብቶበት በሕይወቱ እንዳለ ከወንዙ ዳር ውሃ ውስጥ ያስረዋል፤ ገበያ እስኪወጣ ድረስ ትኩስ ሆኖ ይቆይለታል።

ይህ ብልሃት በመሐንዲስ ዓይን ሲታይ ሙሉ ሥርዓት ነው። የወንዙ ጉልበት መልእክቱን ወደ ዓሣው ያደርሳል፤ ሲባጎው የዓሣውን መልስ ወደ ሰው ያመጣል፤ ደወሉ ደግሞ በውሃ ውስጥ የሆነውን ነገር ዓይን ለማያየው ሰው በጆሮው ይነግረዋል። ዛሬ በጀልባ ላይ የሚጫነው ዓሣ ጠቋሚ መሣሪያም መሠረታዊ ሥራው ከዚህ አይለይም፤ በውሃ ውስጥ የሆነውን ወደ ላይ ማውጣት ነው። የሚለየው በሚጠይቀው ጥያቄ ነው። ደወሉ የሚነግረው ዓሣው መቼ እንደ ተያዘ ሲሆን፣ ጠቋሚው የሚነግረው ዓሣው ገና ሳይያዝ የት እንዳለ ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይምሰል እንጂ የክርክሩ ሥር ያለው እዚህ ነው።

የጠቋሚው አሠራር የገደል ማሚቶ ነው። ከጀልባው በታች የተገጠመው አካል ጆሮ የማይሰማው አጭር ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁ በነጭ ውሃ ውስጥ በሰኮንድ 1480 ሜትር ያህል እየተጓዘ ወለሉን መትቶ ይመለሳል፤ የመመለሻው ጊዜ ለሁለት ተከፍሎ ጥልቀቱ ይሰላል። የጣና ሐይቅ አማካይ ጥልቀት 8 ሜትር ያህል ስለሆነ ደርሶ መልሱ የሚፈጀው ከሰኮንድ አንድ ሺህኛ ክፍል 11 ያህሉን ብቻ ነው። ዓሣው የሚታየው በአብዛኛው በሥጋው ሳይሆን በሆዱ ውስጥ ባለው የአየር ከረጢት ነው፤ አየርና ውሃ ለድምፅ እጅግ የተለያዩ ስለሆኑ ከረጢቱ ማሚቶውን አጉልቶ ይመልሳል። ጀርመናዊው አሌክሳንደር ቤም የታይታኒክ መርከብ ከሰጠመች በኋላ፣ በ1913፣ ለማሚቶ ጥልቀት መለኪያ የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ያሰበው የመርከቦችን ደኅንነት ነበር። በጃፓን የፉሩኖ ወንድማማቾች በ1948 መሣሪያውን ለዓሣ ፍለጋ አውለው ለገበያ አቀረቡት፤ በ1950ዎቹ መጨረሻም አሜሪካኖች ለትንሽ ጀልባ የሚሆን አነስተኛ ዓይነት ሠሩለት። ከ2010ዎቹ ወዲህ ደግሞ ከጀልባው ፊት ያለውን ዓሣ እንደ ተንቀሳቃሽ ሥዕል በዚያው ቅጽበት የሚያሳይ ዓይነት ወጥቷል። መንጠቆው ወደ ዓሣው ሲወርድ፣ ዓሣው ሲጠጋና ሲሸሽ ሁሉ ይታያል። ክርክሩን ያጋጋለው ይኸው የመጨረሻው ነው፤ በ2025 አንዳንድ የአሜሪካ የዓሣ ማጥመድ ውድድሮች በአጠቃቀሙ ላይ ገደብ እስከ መጣል ደርሰዋል።

ብሩስ ከግብፅ ተነሥቶ በቀይ ባሕር በኩል በሴፕቴምበር 1769 ምጽዋ ደረሰ። የወደቡ ሹም ዕቃውን ሊዘርፍ፣ ሕይወቱንም ሊያጠፋ ቢያስብም ብሩስ በማስፈራራትም በመደለልም አመለጠ። ከጠረፉ ወደ ደጋው ሲወጣ የታራንታን ተራራ መውጣት ነበረበት። ኳድራንቱን አራት በአራት ሆነው እየተፈራረቁ ይሸከሙት የነበሩት ስምንት ሰዎች በዚህ አቀበት ላይ እጃቸውን ሰጡ። ያን ጊዜ ብሩስ ያሲን ከተባለው ባልንጀራው ጋር ሆኖ ሸክሙን በራሱ አነሣ፤ ልብሱ ተቀዳዶ፣ እጁና ጉልበቱ ደምቶ ከአናቱ አደረሰው። ጌታው ራሱ ሲሸከም ማየት ሎሌዎቹን ሳያሳፍራቸው አልቀረም፤ የቀረውን ዕቃ ያለ ብዙ ማጉረምረም አወጡት።

ፌብሩዋሪ 14 ቀን 1770 ጎንደር ገባ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት የጀመረበት ነው፤ በዙፋኑ ላይ ወጣቱ ዓፄ ተክለ ሃይማኖት 2ኛ ይቀመጡ እንጂ ሥልጣኑ በራስ ሚካኤል ስሑል እጅ ነበር። ብሩስ በደረሰበት ጊዜ በቤተ መንግሥቱ ልጆች ላይ ፈንጣጣ ገብቶ ነበርና በእቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ተጠርቶ ሕሙማኑን አስታመመ። መስኮትና በር አስከፍቶ፣ ክፍሎቹን አጥኖና አስጠርጎ ያደረገው ሕክምና ሰመረለት። በዚህ ምክንያት እቴጌይቱና ልጃቸው ወይዘሮ አስቴር ወዳጆቹ ሆኑ። በጎንደር ያጉቤ እየተባለ ይጠራ ነበር። ስለ ቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ የጻፈው ብዙና ዝነኛ ስለሆነ እዚህ መድገም አያስፈልግም።

በግንቦት ገደማ ከራስ ሚካኤል ጦር ጋር ወደ ጎጃም ሲወርድ የጢስ ዓባይን ፏፏቴ አየ። እዚህ ላይ ያደረገው ልኬት ለሙያው ሰው ትምህርት ያዘለ ነው። ኳድራንቱ አብሮት አልሠራም፤ በልዩ ልዩ ቁመት ያሉ ረዣዥም እንጨቶችን በዓለቱ ላይ እያቆመ ገመተና የፏፏቴው ቁመት 40 ጫማ፣ ማለት 12 ሜትር ያህል ነው ብሎ ጻፈ። ፏፏቴው ግን ከ40 ሜትር የማያንስ ነው። በዚያው ገጽ ላይ ደግሞ ከእሱ በፊት ያዩትን የኢየሱሳውያን መነኮሳት በማጋነን ይከሳቸዋል፤ ከውሃው መጋረጃ በስተኋላ ተቀምጫለሁ ያለውን ጀሮኒሞ ሎቦንም ውሸታም ያደርገዋል። ሌላውን በማጋነን እየከሰሰ ራሱ ከእውነተኛው ቁመት ሲሶ የማይሞላውን መጻፉ የሰው ዓይን ያለ መሣሪያ ምን ያህል እንደሚሳሳት ያሳያል። ይህ ፏፏቴ በሌላም በኩል ከነገሩ ጋር ይያያዛል። ከታች የሚመጣ ዓሣ ሊዘለው ስለማይችል የጣና ዓሦች ከቀረው ናይል ተለይተው ኖረዋል፤ በታችኛው ወንዝ የሚገኘው ትልቁ የናይል ፐርች በጣና የለም።

ብሩስ በዚያ ጉዞ ታምሞ ወደ ጎንደር ተመለሰና በጥቅምት መጨረሻ ሁለተኛ ተነሣ። የዳሞትና የአገው ገዥ የነበረው ፋሲል በመጀመሪያ አቃሎት ኋላ ግን ወደደው። የራሱን ፈረስ ሰጥቶ ከፊት እየተነዳ እንዲሄድ አደረገ፤ ፈረሱን ያየ ባላገር ሁሉ የጌታው እንግዳ መሆኑን አውቆ መንገድ ይለቅ ነበርና ከማንኛውም የይለፍ ወረቀት የበለጠ ፈረሱ ጠቀመው። ኖቬምበር 4 ቀን 1770፣ በእኛ አቆጣጠር በ1763 ዓ.ም. የጥቅምት ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ ሰከላ ደርሶ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ላይ ቆመ። ስፍራው ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ በስተሰሜን፣ ከአዴት በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኝ፣ በአቡነ ዘርዓ ብሩክ ስም የታወቀ የጠበል አገር ነው። ብሩስ በኮኮናት ጽዋ ከምንጩ ቀድቶ ለንጉሡ ለጊዮርጊስ 3ኛ ጤንነት ጠጣ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። ስለዚያ ሰዓት የጻፈው ክፍል በመጽሐፉ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ እውነተኛው ነው ቢባል ያስኬዳል። በድል አድራጊነቱ ጥቂት ከተደሰተ በኋላ ከባድ ትካዜ ወደቀበት። በአገሩ ከአንድ ኮረብታ የሚመነጩት ትዊድ፣ ክላይድና አናን የተባሉት ወንዞች ትዝ አሉት፤ ከዚህኛው ምንጭ ምን አንሷቸው ነው ይህን ሁሉ ሥቃይ የተቀበልኩት ብሎ ራሱን ጠየቀ። ብዙ ዓመት የተመኙት ነገር በእጅ ሲገባ ባዶ ሆኖ መታየቱ የአሳሾች ብቻ ዕጣ አይደለም። ትልቁን ዓሣ በመስታወቱ ላይ አይቶ፣ ቦታውን አውቆ፣ መንጠቆውን አውርዶ የያዘ አጥማጅም ጀልባው ላይ እንዲህ ያለ ትካዜ ሊያገኘው ይችላል። ለመዝናናት የሚያጠምድ ሰው ወደ ውሃ የሚሄደው ዓሣ ለመብላት ብቻ ቢሆን ኖሮ ገበያ ይቀርበው ነበር፤ የሚሄደው ዓሣው አለ ወይስ የለም የሚለውን ጥያቄ ይዞ ለመቀመጥ ነው። መሣሪያው ጥያቄውን ከመጀመሪያው ሲመልስለት የሚቀረው ሥራ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ብሩስ ትካዜው መሣሪያውን አላስጣለውም። በግሽ በቆየባቸው ቀናት ኳድራንቱን ተክሎ የፀሐይንና የከዋክብትን ከፍታ ለካ። ያወጣው ኬክሮስ 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ገደማ ሲሆን ዛሬ በሳተላይት ከሚገኘው ጋር እጅግ ይቀራረባል። ኬንትሮሱ በሩብ ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ ስቷል፤ ይህም በዚያ ዘመን ኬንትሮስ ማግኘት ከባድ ስለ ነበረ አያስነቅፈውም። በእንጨት የገመተው ቁመት ከሦስት እጥፍ በላይ ሲጎድል በኳድራንት የለካው ቦታ ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በኋላም ጸንቷል። እንግዲህ መሣሪያን በጅምላ የሚያወግዝ ሰው በብሩስ ሊመሰክር አይችልም። በጣና ላይ ዓለት ባለበት ዳርቻ በምሽት የሚጓዝ ጀልባ ጥልቀት የሚነግረው መሣሪያ ቢኖረው ሕይወት ያተርፋል። የዓሣ ሀብት ተመራማሪም በዚያው ማሚቶ አንድም ዓሣ ሳይገድል ብዛቱን ሊገምት ይችላል።

ብሩስ ሳያስተውለው ያለፈ አንድ ነገር ነበር። በግብፅ አጠማመዱን የገለጸው ቢኒ በዛሬው የሳይንስ አጠራር ላቤዮባርበስ ከተባለው ወገን ነው። ጣና ሐይቅ ውስጥ የዚህ ወገን ከ15 ያላነሱ ልዩ ልዩ ዓይነቶች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ በሌላ የዓለም ክፍል አይገኙም። ከእነዚህም ግማሽ ያህሉ በክረምትና በመስከረም፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት፣ ሐይቁን ትተው እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞቹ ይወጣሉ። ከወንዞቹ ትልቁ ከግሽ ተነሥቶ ጣና የሚገባው ግልገል ዓባይ ነው። ብሩስ በጥቅምት ማለቂያ ያንን ወንዝ ሲሻገር የዓመቱ ጉዟቸው ሊያበቃ የተቃረበው የቢኒ ዘመዶች ከእግሩ ሥር ነበሩ። እሱ ወደ ምንጩ እንደሚወጣ ሁሉ እነሱም ወደ ላይ የሚወጡ ነበሩ።

እነዚህ ዓሦች በጉዟቸው ወቅት በወንዞቹ አፍ ላይ ይከማቻሉ፤ የሚጎዳቸውም ይኸው ነው። ጥንት በደንገል ታንኳ የሚያሰግሩት የነገደ ወይጦ ሰዎች ከሐይቁ የሚወስዱት ለኑሮ ያህል ነበር። ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ፤ ዓሣው የሚከማችበት ቦታና ወቅት ታውቆ መረቡ በወንዞቹ አፍ ላይ ተዘረጋ። በ1990ዎቹ መጀመሪያና መጨረሻ የተደረጉት ጥናቶች ሲነጻጸሩ ወደ ወንዝ የሚወጡት ዓይነቶች ብዛት በአሥር ዓመት ውስጥ 75 በመቶ ያህል ወርዶ ተገኘ። ይህን ያደረገ አንዳችም ኤሌክትሮኒክስ አልነበረም። ያደረገው ክር ነው፤ ክሩም የሠራው ዓሣው የት እንዳለ ስለ ታወቀ ነው። ዛሬ በዓለም ላይ የሚሸጠው ጠቋሚ ያንኑ እውቀት፣ አሥር ዓመት በውሃ ላይ ሳይኖር፣ ገንዘብ ላለው ሁሉ በአንድ ቀን ይሰጠዋል። ስለዚህ መሣሪያው የአጥማጁን ደስታ ያበላሻል ወይስ አያበላሽም የሚለው ክርክር ከዚህ ከበድ ያለ ነገር አጠገብ ሲቀመጥ የጣዕም ጉዳይ ይሆናል። አንድ ባለ መንጠቆ ጠቋሚ ይዞ በሐይቁ መካከል ቢውል ጉዳቱ ለራሱ ነው። መሣሪያው ከ8 ሜትር ጥልቀት ላይ የሚያሳየው ክበብ ወርዱ ከ3 ሜትር እምብዛም አይበልጥም፤ የጀልባው ድምፅም ዓሣውን ያሸሸዋል። በመስከረም በግልገል ዓባይ አፍ ላይ መረብ ይዞ ቢቆም ግን ጉዳቱ የዝርያው ነው፤ ያን ጊዜ መጠየቅ ያለበት መሣሪያው ሳይሆን ወቅቱን የሚዘጋው ደንብና ደንቡን የሚያስከብረው ሰው ነው። የናይሉ አጥማጅ ደወል ከዚህ ወቀሳ ነጻ ነው። ስምንት መንጠቆ ካለው ስምንት ዓሣ ይጠራዋል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም።

ብሩስ ወደ ጎንደር ሲመለስ አገሩ በጦርነት ታመሰ፤ ራስ ሚካኤልም በ1771 በሰርባኩሳ ተሸንፈው ተማረኩ። በዚያው ዓመት ባሉጋኒ በጎንደር በተቅማጥ ሞተ። በግሽም አብሮት ቆሞ የአየሩን ሁኔታ እየመዘገበ፣ ዕፀዋቱንና እንስሳቱን እየሣለ የኖረ ይህ ሰው በብሩስ መጽሐፍ ውስጥ የሚገባውን ቦታ አላገኘም፤ ወደ ግሽ መሄዱም አልተነገረም። ብሩስ ከእሱ በፊት፣ በ1618፣ ከዓፄ ሱስንዮስ ጋር ምንጩን ያየውን የጴጥሮስ ፓኤዝን ቀዳሚነትም ሊቀበል አልፈለገም። ለኳድራንቱ ያሳየውን ታማኝነት ለሰው ቢያሳይ ኖሮ ስሙ ከብዙ ነቀፋ በዳነ ነበር።

በዲሴምበር 1771 ጎንደርን ለቅቆ በስናር በኩል ወደ ግብፅ አመራ። በስናር ወራት ከታገተ በኋላ የኑቢያን በረሃ ለማቋረጥ ገባ። አሸዋው እንደ ዓምድ ቆሞ ሲጓዝ አየ፤ መርዛማ የሚባለው ትኩስ ነፋስ ደጋግሞ ጣለው፤ እግሩ አብጦ ቆሰለ። አስዋን ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ግመሎቹ አለቁ። ያን ጊዜ ኳድራንቱን፣ ቴሌስኮፖቹን፣ ሰዓቱንና የዓመታት ድካም የሆኑትን ወረቀቶች ሁሉ በአሸዋው ላይ ትቶ በእግሩ ሄደ። ኖቬምበር 29 ቀን 1772 አስዋን ገባ። ከሞት ያመለጠ ሰው ዕረፍት ይሻል፤ እሱ ግን ከከተማይቱ አዛዥ ግመል ተቀብሎ ወደ በረሃው ተመለሰ፤ ዕቃውንም እንዳለ አገኘው።

አገሩ ሲገባ የጠበቀው ክብር ሳይሆን ፌዝ ነበር። በፓሪስ ቡፎንና ሌሎች ሊቃውንት በደስታ ቢቀበሉትም በለንደን ስለ ጥሬ ሥጋ የተናገረው መሳቂያ አደረገው። የሎቦን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የመለሰው ሳሙኤል ጆንሰን ኢትዮጵያ መድረሱን እንኳ ተጠራጠረ። ብሩስ ተቀይሞ ወደ ኪኔርድ ገባና በ1776 ሜሪ ዳንዳስን አገባ። በ1785 እሷም ስትሞት ሐዘኑን ለመርሳት ወዳጆቹ መጽሐፉን እንዲጽፍ ገፋፉት። አምስቱ ቅጾች በ1790 ወጡ። ከኢትዮጵያ ይዟቸው ከሄደው መጻሕፍት መካከል የነበሩት የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች፣ በአውሮፓ ጠፍቶ የነበረውን መጽሐፍ ለአውሮፓ ሊቃውንት መልሰው አስገኙ። በኋላ የመጡ መንገደኞችም የተፌዘበትን ነገር አብዛኛውን እውነት ሆኖ አገኙት።

በኤፕሪል 1794 በቤቱ እንግዶች ነበሩ። አንዲት እመቤት ወደ ሠረገላዋ ስትሄድ ሊሸኛት ከደረጃው ፈጥኖ ሲወርድ እግሩ አዳለጠውና በራሱ ወደቀ፤ ኤፕሪል 27 ቀን ሞተ። ዕድሜው 63 ዓመት ነበር። ባሉጋኒ የሣላቸው ሥዕሎችና የጉዞው ወረቀቶች ብዙዎቹ ዛሬ በአሜሪካ በዬል ዩኒቨርሲቲ የብሪታኒያ ሥነ ጥበብ ማዕከል ይገኛሉ።